«የሰረገላው ጎማ የት ሙዚየም ነው ያለው?»

የምክር ዓምድ

«ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ በሰፈራችን ደብር ሰንበት ትምህርት ቤት ታዳጊዎችን አስተምራለሁ። ከሁለት ወር በፊት ስለ እስራኤል ከግብፅ መውጣት ሳስተምር በቴሌግራም የደረሰኝን ቪዲዮ በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። ከባሕር ሥር የፈርዖን ሰረገላ ጎማ ተገኘ ይላል። ልጆቹ በደስታ አጨበጨቡ። አንድ የ14 ዓመት ልጅ ግን እጁን አውጥቶ ‹መምህርት፣ ጎማው አሁን የት ሙዚየም ነው ያለው?› አለኝ። አጣርቼ እነግርሃለሁ አልኩት። ሳጣራ አንድም ሙዚየም አጣሁ።

ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያጠናውን ታናሽ ወንድሜን ባማክረው ሳቀብኝ። ‹የኢያሪኮ ግንብም የለም፣ ከግብፅ መውጣትም የለም፣ ዳዊትም ተረት ነው› አለኝ። በዚህ ተኳርፈን ማዕድ ላይ እንኳ አንነጋገርም፤ እናታችን በዚህ ታለቅሳለች። ለጸሎት ስቆም ቃሉ አፌ ላይ ይደርቃል። ልጁ ከዚያ ወዲህ አይጠይቀኝም፤ ግን ያየኛል። ለመሆኑ ማስረጃ አለ ወይስ የለም? ማስተማሩንስ ልተው?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከአዲስ አበባ»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ «አይጠይቀኝም፤ ግን ያየኛል» የምትለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ስለዚህ ከወንድምሽም ከኢያሪኮም በፊት ስለዚህ ልጅ ልንገርሽ።

ልጁ የጠየቀሽ የክህደት ጥያቄ አይደለም። አንድ ነገር ከመሬት ወጣ ሲባል የቁፋሮ ባለሙያዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ማን አወጣው? ከየትኛው የአፈር ንብርብር? አብሮት ምን ነበር? ዛሬ የት ተቀምጧል፣ ሌላ ሰው ሄዶ ሊመረምረውስ ይችላል? ይህ ልጅ ማንም ሳያስተምረው እዚያ ደርሷል። በክፍልሽ እንዲህ ያለ ልጅ መኖሩ ሊያስደስትሽ ይገባል።

ለጥያቄው መልሱ ደግሞ አጭር ነው። ጎማው የትም የለም። ወሬው በዋናነት የመጣው ሮን ዋያት ከሚባል አሜሪካዊ ነው። ሙያው የማደንዘዣ ነርስነት ነበር፤ በ1999 ዓርፏል (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ ኑዌይባ በሚባለው ዳርቻ እየጠለቀ የሰረገላ ጎማ አየሁ ሲል ቆየ። ፎቶዎቹ ላይ የሚታየው አብዛኛው ክብ ሆኖ ያደገ ኮራል ነው። ገለልተኛ ባለሙያ የመረመረውና በሳይንስ መጽሔት የታተመ አንድም ጎማ የለም። ይኸው ሰው የኖኅን መርከብ ቱርክ ውስጥ፣ የቃል ኪዳኑን ታቦት ደግሞ ኢየሩሳሌም ከጎልጎታ ሥር አገኘሁ ብሏል። እኛ ታቦቱ አክሱም ነው እያልን የእርሱን ቪዲዮ በየግሩፑ እናጋራለን። መርከብ ነው ያለውን ቦታ የተፈጥሮ ድንጋይና አፈር መሆኑን ካሳዩት መካከል መጽሐፍ ቅዱስን ቃል በቃል የሚያምኑ የሥነ ምድር ምሁራን ይገኙበታል።

ይህን ስትሰሚ መሬቱ ከእግርሽ ሥር የከዳ እንዳይመስልሽ። የሐሰቱ ጎማ ወደቀ ማለት እውነተኛው ድንጋይ አብሮ ወደቀ ማለት አይደለም። እውነተኛው ድንጋይ ደግሞ አለ፤ እጄን ያስነካሁት ስላለ ከእርሱ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም ተሳልሜ ነበር። አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ከግዮን ምንጭ ተነስተን ወደ ሰሊሆም መጠመቂያ በሚወስደው የድንጋይ ዋሻ ውስጥ አለፍን። ርዝመቱ 533 ሜትር ነው። መብራት የለውም፤ በስልክ ባትሪ ነው የሚኬደው። መግቢያው ላይ ውኃው ጭን ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ቁርጭምጭሚት ይወርዳል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ትከሻ ግድግዳውን እየታከከ ነው የሚያልፈው። ባትሪዬን ወደ ግድግዳው ስጠጋው የመሮው ምት አንድ በአንድ ይታያል፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘመመ ነው። መካከል ላይ ስንደርስ ግን ምቱ አቅጣጫውን ገለበጠ። ከወዲያ በኩል የመጡት ጠራቢዎች ከወዲህኞቹ ጋር የተገናኙት እዚያ ነው። ጣቴን ምቱ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

በ1880 እዚያ ውኃ ውስጥ ይጫወት የነበረ ልጅ ግድግዳው ላይ ጽሑፍ አየ። ስድስት መስመር የጥንት ዕብራይስጥ ነው። ሊገናኙ ሦስት ክንድ ሲቀራቸው አንዱ ጓደኛውን ሲጠራው ድምፁ በዓለቱ ውስጥ እንደተሰማ፣ ከዚያም መጥረቢያ ከመጥረቢያ ገጥሞ ውኃው 1200 ክንድ ያህል ወደ መጠመቂያው እንደፈሰሰ ይተርካል። ዘመኑ የኦቶማን ስለነበር ድንጋዩ ተቆርጦ ተወሰደ፤ ዛሬ ኢስታንቡል ሙዚየም ውስጥ አለ። 2ኛ ነገሥት 20፥20 ሕዝቅያስ ኩሬውንና መስኖውን ሠርቶ ውኃውን ወደ ከተማይቱ እንዳመጣ ይናገራል። በ2003 የታተመ ጥናት ከዋሻው ልስን ውስጥ የተገኘውን የዕፅዋት ቅሪት በካርቦን መርምሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 700 ዓመት ግድም አደረሰው፤ ይህም የሕዝቅያስ ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ጽሑፉ የሕዝቅያስን ስም አይጠራም። ለልጆቹ ስትነግሪ ይህንንም ጨምሪ። «ጊዜው ይገጥማል፣ ቦታው ይገጥማል፣ ስሙ ግን አልተጻፈም» ብትያቸው እምነታቸው አይጎድልም፤ አንቺን ማመን ግን ይማራሉ።

ስሙ የተጻፈበት ሌላ አለ። የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት ይሁዳን እንደወረረ በሸክላ ላይ አስጽፎ ትቷል። 46 የተመሸጉ ከተሞች ያዝኩ፣ ሕዝቅያስንም ኢየሩሳሌም ውስጥ በቀፎ እንዳለ ወፍ ዘጋሁበት ይላል። ከተማይቱን ያዝኩ ግን አይልም። ያን ያህል የሚፎክር ንጉሥ ይህን ሳይናገር ማለፉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መጽሐፍ ቅዱስም ኢየሩሳሌም አልተያዘችም ይላል፤ ምክንያቱን ግን የእግዚአብሔር መልአክ ነው የሚያደርገው። በግብሩም ላይ ሁለቱን አስተያዪ፦ መጽሐፋችን 30 መክሊት ወርቅና 300 መክሊት ብር ሲል፣ ሰናክሬም 30 መክሊት ወርቅና 800 መክሊት ብር ይላል። ወርቁ ልክ ለልክ ገጠመ፣ ብሩ አልገጠመም። የይሁዳ ከተማ ለኪሶ የወደቀችበትን ደግሞ በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀርጾታል። መሰላሉ፣ ቀስተኞቹ፣ ጓዛቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው የሚሰደዱት ሴቶችና ሕፃናት ሁሉ ይታያሉ። ቅርጹ ለንደን፣ ብሪትሽ ሙዚየም ነው ያለው። ልጁ «የት ነው ያለው?» ቢልሽ በዚህኛው ላይ አትቸገሪም።

ስለ ንጉሥ ዮአኪን የተገኘውማ ይበልጥ ልብ ይነካል። ጀርመኖች ባቢሎንን ሲቆፍሩ ካወጧቸው የሸክላ መዝገቦች መካከል የዘይት ቀለብ የሚታደልበት አለ። ቀለብ ተቀባዮቹ ውስጥ «የይሁዳ ንጉሥ ዮአኪን» እና አምስቱ ልጆቹ ተመዝግበዋል። ጸሐፊው ስለ ትንቢትም ስለ ኪዳንም ምንም ግድ የሌለው የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ለማን ስንት ዘይት እንደወጣ ብቻ ነው የሚያሳስበው። አንቺ የሒሳብ ሰው ስለሆንሽ ይህ ይገባሻል፦ ማንንም ለማሳመን ያልተጻፈ የወጪ መዝገብ ከብዙ ፉከራ ይበልጥ ይታመናል። የ2ኛ ነገሥት መጨረሻ ዮአኪን በባቢሎን ንጉሥ ማዕድ ቀለብ ይሰጠው እንደነበር የሚናገረውን ከዚህ ጋር አንብቢው።

አሁን ወደ ወንድምሽ ልምጣ። እርሱ ከተናገራቸው ሦስት ነገሮች በአንዱ ተሳስቷል፣ በአንዱ በአብዛኛው ልክ ነው፣ በአንዱ ደግሞ ከሚታወቀው በላይ ሄዷል።

የተሳሳተው በዳዊት ነው። እርሱ ያለውን በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሚሉ ምሁራን ነበሩ። በ1993 በሰሜን እስራኤል፣ ቴል ዳን ላይ አቭራሃም ቢራን በሚመሩት ቁፋሮ አንድ የተሰበረ ጥቁር ድንጋይ ተገኘ። ለሌላ ግንብ መሥሪያ ገብቶ ነበር፤ ፀሐይ በጎን ስትመታው ነው ፊደሉ ለአንዲት ባልደረባቸው ዓይን የገባው። ጽሑፉ አራማይክ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት የ9ኛው መቶ ዓመት። የአራም ንጉሥ ድሉን ሲያወራ የእስራኤልን ንጉሥና «የዳዊት ቤት» የሚለውን ንጉሥ ገደልኩ ይላል። ጠላት ነው የጻፈው። አንድ ሥርወ መንግሥት ከሞተ መቶና መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል በሆነው መሥራቹ ስም በጎረቤት አገር ከታወቀ መሥራቹን ተረት ማለት ይከብዳል። ንባቡን የተከራከሩ ጥቂቶች ነበሩ፤ አብዛኛው ምሁር ተቀብሎታል።

ነገር ግን አንቺም በዚህ ድንጋይ ለመፎከር አትቸኩዪ። ስሞቹ በከፊል ተሰብረዋል፤ ብዙዎች ኢዮራምና አካዝያስ ናቸው ብለው ያነቧቸዋል። 2ኛ ነገሥት 9 ላይ እነዚህን ሁለቱን ነገሥታት የገደላቸው ኢዩ ነው፤ ድንጋዩ ላይ ግን የአራሙ ንጉሥ እኔ ገደልኳቸው ይላል። ንጉሡ የሌላውን ሥራ ለራሱ ወስዶ ይሆናል፣ ኢዩ የእርሱ አጋር ሆኖም ይሆናል፤ ምሁራኑ ይከራከራሉ። የዳዊት መንግሥት ምን ያህል ሰፊ ነበር የሚለውም ዛሬ ድረስ እስራኤላውያን የቁፋሮ ሊቃውንትን እርስ በርስ ያሟግታል። ዳዊት ነበረ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰፊ ግዛት ነበረው የሚለው ሌላ ነው።

በኢያሪኮ ላይ ወንድምሽን ስሚው። የዚህ ታሪክ ከነአካሄዱ መታወቅ አለበት። በ1930ዎቹ ጆን ጋርስታንግ የሚባሉ እንግሊዛዊ ቆፍረው የወደቀ ግንብ አገኙና ይህ የኢያሱ ዘመን ነው አሉ። ዓለም ደስ አለው፤ ስብከት ሆነ። ከ1952 እስከ 1958 ካትሊን ኬንየን ተሻሽሎ በመጣ ዘዴ፣ አፈሩን በንብርብር እየከፈሉና የሸክላውን ዓይነት እየለዩ እንደገና ቆፈሩት። ጋርስታንግ ያገኙት ግንብ ከኢያሱ ወደ አንድ ሺህ ዓመት የሚቀድም ሆኖ ተገኘ። በኋላ ያለችው የተመሸገች ከተማ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ግድም ነው የተቃጠለችው። ኢያሱ ይደርሳል ተብሎ በሚታሰበው ዘመን፣ በ1400ም ይሁን በ1200 ግድም፣ በቅጥር የታጠረች ከተማ አልተገኘችም። ያ የላይኛው ንብርብር በዝናብና በነፋስ ተጠርጎ ይሆናል የሚሉ አሉ፤ የኬንየንን ዘመን አቆጣጠር የሞገቱም ነበሩ፤ ከቃጠሎው የተገኘው እህል በካርቦን ሲመረመር ግን ለኬንየን የሚያደላ ሆነ። እኔ በበኩሌ በኢያሪኮ ቁፋሮ የኢያሱ ታሪክ ተረጋገጠ ብዬ ለልጅ አላስተምርም።

ኢያሱ ከኢያሪኮ ቀጥሎ ያዛት ስለምትባለው ስለ ጋይ ከተማም መስማት አለብሽ፤ ይህን የምነግርሽ በሰውየው ምክንያት ነው። ጋይ ተብላ የምትታሰበውን ቦታ፣ ኤት ቴልን፣ ከ1964 ጀምረው የቆፈሩት ጆሴፍ ካላዌይ አሜሪካዊ ባፕቲስት፣ የመንፈሳዊ ኮሌጅ መምህር ነበሩ። ኢያሱ ምዕራፍ 8ን የሚያጸና ነገር ቢያገኙ ከማንም በላይ ደስ የሚላቸው ሰው ነበሩ። ያገኙት ግን ቦታው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2400 እስከ 1200 ግድም ባዶ እንደነበር ነው። ኢያሱ ቢመጣ የሚወጋው ሰው አልነበረበትም ማለት ነው። ካላዌይ ይህን እንዳገኙት አሳተሙ። ሌሎች እውነተኛዋ ጋይ ሌላ ቦታ ናት ብለው እስከ ዛሬ ይፈልጋሉ፤ መብታቸው ነው። የእኚህ ሰው ሐቀኝነት ግን እምነትን የሚጎዳ ነገር ሆኖ አይታየኝም። በተቃራኒው ደግሞ አሶር አለች። ኢያሱ 11 በእሳት ተቃጠለች የሚላት ከተማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት ቤተ መንግሥቷ በከባድ እሳት መቃጠሉ፣ የጣዖታቷም ራስና እጅ መቆረጡ ታይቷል። ማን አቃጠላት? ድንጋዩ አይናገርም።

ከግብፅ መውጣት ላይ ነው ወንድምሽ ከሚታወቀው አልፎ የሄደው። መጀመሪያ የእርሱን ጎን በሙሉ ክብደቱ ተቀበዪ። ዘጸአት 12፥37 እግረኛው ወንድ ብቻ 600,000 ነው ይላል፤ ከሴትና ከሕፃን ጋር ሁለት ሚሊዮን ያልፋል። ያን ያህል ሰው አርባ ዓመት ሲኖር የእሳት ምድጃ፣ የተሰበረ ገንቦ፣ መቃብር ይተዋል። በሲና በረሃ በዚያ ዘመን የዚህ ምልክት አልተገኘም። ለረጅም ጊዜ ሰፈሩባት ተብላ የምትታሰበው ቃዴስም ብትቆፈር የወጣው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የሆነ ምሽግ ነው። የግብፅም መዝገብ ስለ ሙሴ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ሊያሳስብ የሚገባ ዝምታ ነው፤ «አልተፈለገም እንጂ» ብለሽ አትለፊው፤ ተፈልጓል።

ግን «አልተገኘም» እና «አልሆነም» የተለያዩ ቃላት ናቸው። የግብፅ ነገሥታት ሽንፈታቸውን በድንጋይ አያስጽፉም። እስራኤል ኖረችበት የተባለው የአባይ ደለል አገር እርጥብ ስለሆነ በፓፒረስ የተጻፈ ነገር እዚያ አይተርፍም። ከከነዓን ወገን የሆኑ ሕዝቦች በዚያ አካባቢ በብዛት መኖራቸው በቁፋሮ ታይቷል፤ ዘጸአት ራምሴ ብሎ የሚጠራትም ከተማ እውነተኛ የንጉሥ ከተማ ነበረች። ከሁሉ በላይ የፈርዖን ሜርኔፕታህ ሐውልት አለ። ፍሊንደርስ ፔትሪ በ1896 ቴብስ ላይ አገኙት፤ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1208 ግድም ነው። ፈርዖን በከነዓን ያሸነፋቸውን ሲቆጥር እስራኤል ጠፋች፣ ዘሯም የለም ይላል። በግብፅ አጻጻፍ ከስም ኋላ የሚሳል ምልክት አለ፤ አገር ከሆነ የአገር፣ ሕዝብ ከሆነ የሕዝብ። ከእስራኤል ስም ኋላ የተሳለው ተቀምጠው የሚታዩ ወንድና ሴት ከሦስት ጭረት ጋር ነው፤ ገና አገር ያላበጀ ሕዝብ ማለት ነው። ከዚህ ተነስተው ብዙ ምሁራን የወጡት ጥቂት ሆነው ትዝታቸው የሁሉ ትዝታ ሆነ ብለው ያስባሉ። ጨርሶ አልወጡም የሚሉም አሉ። ወንድምሽ «ማስረጃ አልተገኘም» ቢል ልክ ነው፤ «አልነበረም» ሲል ግን እርሱም ሙዚየሙ የት እንዳለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ሌላም ወንድምሽ ያላነሳው፣ ልጆቹ ግን አንድ ቀን ኢንተርኔት ላይ የሚያገኙት አለ። በዘፍጥረት 24 የአብርሃም ሎሌ ዐሥር ግመል ይዞ ይሄዳል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዓረባ ሸለቆ የጥንት መዳብ ማቅለጫዎች ያሉትን አጥንቶች መርምረው፣ ለማዳ ግመል በዚያ አገር በሥራ ላይ የዋለው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው አሉ። ይህ ከአብርሃም ብዙ መቶ ዓመት ይዘገያል። ታሪኩ በኋላ ዘመን ሰው ቋንቋና ኑሮ ተጽፎ እንደሆነ ያመለክታል። ከማያውቁት ሰው በፌዝ ቢሰሙት ይከፋል፤ ካንቺ ቢሰሙት ይሻላል።

ለእኛ ለግዕዝ ልጆች ደግሞ ልዩ የሆነ ነገር አለ። ከ1947 ጀምሮ በሙት ባሕር ዳር፣ በቁምራን ዋሻዎች ጥቅልሎች ሲገኙ መጽሐፈ ሄኖክ በአራማይክ፣ መጽሐፈ ኩፋሌም በዕብራይስጥ በቁርጥራጭ ወጡ። እነዚህን ሁለት መጻሕፍት ከዳር እስከ ዳር ሙሉ አድርጎ ያቆየው በዓለም ላይ ግዕዝ ብቻ ነው። ብራናውን ሲደጉሱና ሲገለብጡ የኖሩት የእኛ ደብተራዎችና መነኮሳት የያዙት መጽሐፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት እንደነበር ዋሻው መሰከረላቸው። በልጅነቴ ሄኖክን በነጠላ ዜማ ሲያነቡ የሰማኋቸው የደብራችን መምህር ይህን ሳይሰሙ ማረፋቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እዚህም ግን ልኩን አንለፍ። ቁምራን የመጽሐፉን ጥንታዊነት ያሳያል፤ ሄኖክ በእጁ ጻፈው ብሎ አይመሰክርም።

በአገራችንም ጠንቀቅ የሚያሰኝ ነገር አለ። አክሱም ስትሳለሙ አስጎብኚ ዱንጉርን የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ብሎ ያሳያችኋል። ሕንፃው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በብዙ መቶ ዓመት የተሠራ ነው፤ ከሰሎሞን ዘመን ከ1000 ዓመት በላይ ይርቃል። ድንቅ ሕንፃ ነው፤ ድንቅነቱን ለማሳየት የሌላ ሰው ስም መለጠፍ አያስፈልገውም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ማስተማሩን አትተዪ። በሚቀጥለው እሑድ ክፍል ግቢና ገና ሳትጀምሪ ልጁን በስሙ ጥሪው። በሁሉም ፊት «ጥያቄህ ትክክል ነበር፤ አጣርቻለሁ፤ ጎማው የትም የለም፤ ሳላጣራ ማሳየቴ ጥፋቴ ነው» በዪ። ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ዋሽንግተን ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም ከሙት ባሕር ጥቅልሎች ናቸው ብሎ የሰበሰባቸውን 16 ቁርጥራጮች ራሱ አስመርምሮ፣ በመጋቢት 2020 ሁሉም ሐሰተኛ ናቸው ብሎ በገዛ እጁ አሳወቀ። በአማኞች ገንዘብ የተሠራ ሙዚየም ነው፤ ሊያዳፍነው ይችል ነበር። እነርሱ ያን ያህል ገንዘብ የወጣበትን ካመኑ፣ አንቺ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ተሳሳትኩበት ማለት አያቅትሽም።

ከዚያ በዚያው ቀን ስለ ብሩ ጥቅልል ንገሪያቸው፤ ለልጅ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም። በ1979 ገብርኤል ባርካይ የሚባሉ ባለሙያ በኢየሩሳሌም፣ በሄኖም ሸለቆ አፋፍ ላይ መቃብሮች ይቆፍሩ ነበር። የሚያግዟቸው የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱ እረፍት የሚነሳ ስለነበር ከሌሎቹ ለይተው አንዱን ጓዳ እንዲጠርግ ሰጡት። ሥራው ሰልችቶት ወለሉን በመዶሻ ቢመታው ወለል የመሰለው ተሰብሮ ከሥሩ ዘራፊ ያልደረሰበት የመቃብር ዕቃ ወጣ። ከዚያ መካከል የጣት አንጓ የማያህሉ ሁለት የተጠቀለሉ የብር ቅጠሎች ነበሩ። እንዳይፈረፈሩ ሆነው እስኪከፈቱ ሦስት ዓመት ያህል ፈጀ። ሲከፈቱ በመርፌ ጫፍ የተጫረ በሚመስል ፊደል «እግዚአብሔር ይባርክህ፥ ይጠብቅህም» የሚለው የዘኍልቍ 6 ቡራኬ ተገኘባቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 600 ዓመት ግድም የሆነ፣ በአንገት የሚታሰር ክታብ ነው። ከመጽሐፍ ቅዱስ ቃል ከተገኘው ሁሉ የዚህን ያህል ጥንታዊ ጽሑፍ የለም። ኢየሩሳሌም፣ የእስራኤል ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። ዘኍልቍን ሙሴ ጻፈው ብሎ አያረጋግጥም። ያኔ የነበረ ሰው ግን ይህችን ቡራኬ አንገቱ ላይ አስሮ ኖሮ ከእርሷ ጋር ተቀብሯል፤ አንቺም እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ቡራኬ ተቀብለሽ ትወጫለሽ።

ጸሎቱ አፍሽ ላይ ስለደረቀው ነገር እኔ ድንጋይ ቆጥሬ አልመልስልሽም። የንስሐ አባትሽ ዘንድ ሂጂና ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪያቸው፤ ጎማውን ሳትደብቂ። ይህን ብቻ ልበል፦ እኔ ዋሻው ውስጥ የመሮውን ምት ስነካ ያገኘሁት ደስታ ነው እንጂ እምነት አልነበረም። እምነቴ ከእናቴ ጋር ኪዳን ሳስቀድስ የመጣ ነው። ካንቺም ዘንድ ቪዲዮው ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነገር አለ፤ ቪዲዮው አላመጣውምና ሲሄድ ይዞት አይሄድም።

ወንድምሽን ደግሞ እንዲህ አድርጊው። ዛሬ ማታ እራት ላይ «በኢያሪኮ ልክ ነበርክ» በዪው። ከዚህ ቀጥለሽ ወዲያው ስለ ቴል ዳን አትጀምሪበት፤ ለሌላ ቀን አቆዪው። በአንድ ማዕድ ሁለቱን ካነሳሽ የበቀል ይመስልበታል። ሲስቅብሽ ማጥፋቱን በልቡ የሚያውቅ ይመስለኛል፤ ቀድመሽ ስትለዝቢለት ይመጣል። ከመጣ አንድ እሑድ ወደ ክፍልሽ ጋብዢው። አንቺ 2ኛ ነገሥት 18ን እና 19ን ለልጆቹ አንብቢ፣ እርሱ ደግሞ የሰናክሬምን ጽሑፍ ያንብብላቸው። ከዚያ ልጆቹ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደገጠመና እንዳልገጠመ ራሳቸው ይቁጠሩ። ወርቁን 30 እና 30 ሲያገኙ ይጮሃሉ፤ ብሩ ላይ ሲደርሱ ደግሞ ያ ልጅ እጁን ያወጣል።

ምን እንዳለሽ ጽፈሽ ላኪልኝ።